አሥራ ሁለት ማኅተም

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በጤና ጣቢያው የቁስል ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ቁስል አጣቢው፣ እጁን የተቆረጠው መስታወት ቆራጭ፣ እግራቸውን ለማስጠቅለል ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት፣ እና በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን የምትሰበስበው ካርድ አውጪ። ካርድ አውጪዋ የመስታወት ቆራጩ ታላቅ እህት ናት። ከካርድ ክፍል እስከዚህ ያለውን ረጅም ኮሪደር በሩጫ ነው የመጣችው፤ ሆኖም ዘግይታለች። ስትደርስ ቁስል አጣቢው መርፌውን እንደያዘ አንገቱን ወደ ወንድሟ ጉልበት አስግጎ፣ ወንድሟ በደህና እጁ ገልጦ የሚያሳየውን ካርድ ጮክ ብሎ እያነበበለት ነበር።

ቁስል አጣቢውን ሠራተኛው ሁሉ «ራዲዮ» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ቀላል ነው፣ ሲሰፋ አያሳምምም የሚባልለት ሰው ነው፤ ግን ሕመምተኛው ሕመሙን እንዲረሳ ብሎ ያወራል፣ ካላወራም እጁ አይሠራም። ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናቡ፣ አጠገቡ ስለተቀመጠው ሰው ጫማ፣ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ያወራል። ያን ዕለት ዓይኑ ያረፈው ካርዱ ላይ ነው።

«ይቺ? ይቺማ የወሊድ መከላከያ መርፌ ናት» አለ። «በየሦስት ወሩ የምትወጋዋ። ማኅተሙን አየኸው? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» በመርፌው ጫፍ እየጠቆመ እስከ ታች ወረደ። «አሥራ ሁለት። ሴትዮዋ ቀን አታዛንፍም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ሰዓት ነው የመጣችው። እንዲህ ዓይነት ታካሚ ቢበዛልን ሥራ ይቀለን ነበር።»

«ሦስት ዓመት» አለ ወንድሟ።

«አታንቀሳቅሰው እጅህን፣ ክሩ ይላላል። የማን ነች፣ የእህትህ ናት?»

«የሚስቴ።»

ራዲዮ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አዛውንቱ ካሉበት ወንበር ላይ ሆነው ቀስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ያንን ፋሻ ከእጁ በፊት አፍህ ላይ ብትጠቀልለው ምን ነበረበት» አሉት። ማንም አልሳቀም። የወንድሟ መዳፍ በኩላሊት ቅርጽ ባለ ትሪ ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ የተሰፋ፣ ግማሹ እንደ ከንፈር ክፍት የሆነ። ቀና ሲል በሩ ላይ እህቱን አያት። ፊቷን አየና የሚጠይቀው ጥያቄ እንደሌለው ገባው፤ ግን ጠየቀ።

«እትዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

አዎ ብትል የሚሆነውን አወቀች፤ አይ ብትል ደግሞ እንደማያምናት አወቀች፤ ዝም አለች። እሱም ተነሣ። መርፌው ከራዲዮ እጅ አምልጦ በክሩ ተንጠልጥሎ ቀረና ከመዳፉ ሥር ተወዛወዘ። ማኅደሩን ወለሉ ላይ ጣለው፤ ካርዷን ብቻ አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከተተ። በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ አልገፋትም፣ አልነካትም። ከዚያ በፊት ተቆጥቶ ሰው ሳይነካ ያለፈበትን ቀን አታስታውስም፤ ያስፈራት ይህ ነው። እሱን ያመጣችው የመስታወት ሱቁ ፒክአፕ ደጅ ቆማ ነበር። እህቱ የሞተሯን ድምፅ ሰማች።

ነገሩ እንዲህ ነበር የሆነው። በዚያ ጤና ጣቢያ የአንድ ቤት ሰዎች ካርድ ሁሉ በአንድ ማኅደር፣ በአንድ ቁጥር ነው የሚቀመጠው። የአባት፣ የእናት፣ የልጅ፣ የሁሉም። መደርደሪያ ስለጠበበ የመጣ አሠራር ነው። ስለዚህ ካርድ አውጪዋ ባል ሲመጣ የሚስቱን፣ ሚስት ስትመጣ የባሏን ካርድ ከማኅደሩ ውስጥ ታስቀራለች፤ የሚፈለገውን አንዱን ብቻ አውጥታ በተላላኪዋ እጅ ትልካለች እንጂ ለታካሚ አትሰጥም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድ ቀን አልሳተችም። ሠራተኛው «የሷ አፍ ቁልፉ ጠፍቷል» እያለ ይቀልድባታል። የጎረቤቷን፣ የሰፈሯን፣ የአለቃዋን ሳይቀር በሽታ ታውቃለች፤ በመንገድ ስታገኛቸው ስለ አየሩ ትጠይቃቸዋለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን መስኮቷ ላይ የመጣው ወንድሟ ነበር፤ እጁን በቆሸሸ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደሙ በክርኑ እየተንጠባጠበ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እሷ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ደም ስታይ የሠራተኛነቷ ነገር ከራሷ ጠፋ፤ ማኅደሩን እንዳለ መዝዛ በደህና እጁ አስያዘችውና «ሩጥ፣ ሦስተኛው በር ነው፣ ወረፋ አትጠብቅ» አለችው። ባዶውን የመደርደሪያ ክፍተት ያየችው ከኋላው የቆሙትን ሁለት ሰዎች አስተናግዳ ስትዞር ነው።

የወንድሟ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ቀን መስኮቱ ላይ የባሏን እህት ስታይ ተመልሳ ልትሄድ ዞራ ነበር። ካርድ አውጪዋ በስሟ አልጠራቻትም፤ «ቁጥር ይዘሻል?» አለቻት፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ያንን ቀን ጨምሮ አሥራ ሁለት ጊዜ በመስኮቱ ተገናኝተዋል፤ አሥራ ሁለት ጊዜም ከቁጥር በቀር የተነጋገሩት የለም። አንዴ ብቻ፣ አምና፣ ለሌላ ጉዳይ መጣች፤ ጥርሷ ወልቆ፣ ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ። ካርዱ ላይ «ደረጃ ላይ ወድቃ» ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ቤት ደረጃ የለም። ካርድ አውጪዋ ያንን አንብባ ማኅደሩን ዘጋችው፤ ቅዳሜ ወንድሟና ሚስቱ በሚኖሩበት እናታቸው ቤት ሲሰባሰቡም እናትየው «የልጄን ዘር ያደረቀች» እያለች ስታሽሟጥጥ፣ የወንድሟ ሚስት ብርጭቆ ታጥባለች፣ እሷ ታደርቃለች። የሁለቱ እጅ በአንድ ፎጣ ላይ ይገናኛል። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። የወንድሟ ሚስት ስልክ ነው የጠራው፤ ያነሣችው ግን እናታቸው ናት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። እስቲ እሷን ስጪኝ።»

«ልብስ እያጠበች ነው፣ እጇ አረፋ ነው። ምን ልትያት ነው?»

«ለእሷ የምነግራት ነገር አለ።»

«ለእኔ ንገሪኝ፣ አደርስላታለሁ። ምን ምስጢር አላችሁ እናንተ?»

«እማዬ፣ በእግዜር፣ ስልኩን ለእሷ ስጫት።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል? ምን ተፈጠረ?»

ካርድ አውጪዋ ዓይኗን ጨፈነች። እውነቱን ብትናገር ለእናትየው መናገሯ ነው። ካልተናገረች ልጅቷ ከዚያ ቤት አትወጣም። የምትችለውን ያህል ድምፅዋን አረጋግታ፣ የምታስወጣት መስሏት፣ «ልጅሽ እጁን መስታወት ቆርጦታል፣ እዚህ እኛ ጋ ነው። እሷን አሁኑኑ ላኪያት፣ ልብሱን ተዪው በያት» አለች።

ከወዲያ ጩኸት ተሰማ፤ ስልኩ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ከሩቅ ደግሞ «ጫማዬን፣ ጫማዬን አምጪ፤ አንቺ ቤቱን ጠብቂ፣ ልጄን የወለድሁት እኔ ነኝ፣ ያሳደግሁት እኔ» የሚል ድምፅ። ከዚያ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። እናትየው በአቋራጩ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ፣ ፒክአፑ በዋናው መንገድ ወደ ቤት እየሄደ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ናት። ይህን ያደረገችው ካርድ አውጪዋ ራሷ ናት፣ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ።

አለቃዋ በሩ ላይ አገኛት። ዜናው ቀድሞት ደርሷል፤ ራዲዮ ነዋ። «አንድ ካርድ ከግቢ ወጥቷል የሚባለው እውነት ነው?» አላት።

«ሰው ሊሞት ነው፣ ልሂድ።»

«ካርዱ የመንግሥት ንብረት ነው። ማመልከቻ ጽፈሽ ነው የምትሄጂው። ለምን ወጣ፣ በማን እጅ ወጣ...»

ጋውኗን አውልቃ በሁለት እጁ አስታቀፈችውና አለፈችው። ጥበቃው በሩን ሲከፍትላት «ምነው እትዬ፣ እሳት ተነሣ?» አላት፤ አልመለሰችም። የመጀመሪያው ታክሲ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛው ቆመ፤ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሲያጣብቃት በአንዲት ወፍራም ሴትና በአንድ ተማሪ መካከል ተሰነቀረች። መብራቱ ላይ ቆሙ። ሰዎች ስለ ዘይት መወደድ ያወራሉ፤ አንዱ «ዘንድሮማ ሳሙናም ለቤት ጌጥ ነው የሚገዛው» ሲል ሁሉም ሳቀ። እሷ በመስኮቱ ከፊቷ የተደረደሩትን መኪኖች እየቆጠረች ፒክአፗን ትፈልጋለች። አሥራ አንደኛው መኪና ላይ ደርሳ «ወራጅ» አለችና ወርዳ ሮጠች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ በኋላ በመንገድ ላይ ሮጣ አታውቅም። ሻርፕዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም።

የእናታቸው ግቢ አራት በር አለው፤ በሦስቱ ተከራዮች ይኖራሉ፣ ትልቁ የእናትየው ነው። ፒክአፗ ቆማለች። ጀርባዋ ላይ የተጫነው መስታወት ሰማዩን ያሳያል። ግቢው መሃል ሦስት ሰዎች ቆመዋል፦ ጡረተኛው፣ ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ለማስጣት የወጣች ሴት። የልብሱ ገንዳ እንደተገለበጠ ነው፤ ውኃው ከነአረፋው እስከ ግቢው በር ወርዷል። ሦስቱም ወደ ትልቁ በር ያያሉ፣ ሦስቱም እጃቸውን አጣምረዋል።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለች።

«የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» አለ ጡረተኛው።

«በሩን ከውስጥ ቆልፎታል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ማመካኛም ማፈርም በሆነ ድምፅ። «ቆጠራ ነው መሰለኝ የሚያስቆጥራት። ቁጥር ይጠራል፣ እሷ ታነብባለች፣ ከዚያ...» አልጨረሰውም።

ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች። «ስድስተኛውን» አለ የወንድሟ ድምፅ። ጩኸት አይደለም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ጥርስ በሌለበት በኩል አየር እያመለጠው፣ ቀንና ወር አነበበ። ከዚያ ነገሩ ተሰማ፤ ከባድ ነገር በእርጥብ ጨርቅ ላይ እንደሚያርፍ። «ሰባተኛውን» አለ።

ካርድ አውጪዋ ያደገችበት ቤት ነው። የወጥ ቤቱ የቆርቆሮ በር ማንጠልጠያው ደካማ መሆኑን ታውቃለች። በጓሮ ዞረች፤ በትከሻዋ ሁለቴ ገፋችው፣ በሦስተኛው ማንጠልጠያው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ጮኸ። ወጥ ቤቱን አልፋ ሳሎን ገባች።

ወንድሟ ቤቱ ሰፊ እንዲመስል ብሎ በሳሎኑ አንድ ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ገጥሞ ነበር። ስለዚህ ስትገባ ያየችው ሁለት ወንድም ነው፤ ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ብፌ፣ በሶፋውና በብፌው መካከል ወለሉ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች። የወንድሟ ሚስት አንድ ዓይኗ ጨርሶ ተዘግቷል። ካርዱን በሁለት እጇ ከፊቷ ይዛለች፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመ የአንደኛ ክፍል ልጅ። የወንድሟ እጅ እንዳለ ነው፤ መርፌው ከክሩ ጋር አሁንም ከመዳፉ ሥር ይንጠለጠላል። የተሰፋው ተተርትሮ ተከፍቷል። የመታት በዚያው እጁ ስለሆነ ግድግዳው፣ ሶፋው፣ የሷ ፀጉርና ቀሚስ ሁሉ ደም ነው፤ የቱ የሱ የቱ የሷ እንደሆነ የሚለይ የለም።

«ካርዱ የሷ አይደለም» አለች ካርድ አውጪዋ።

ወንድሟ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ባዶ ነበር። «ስሟ አለበት» አለ።

«ስም ይመሳሰላል። እኔ ነኝ የቀላቀልኩት። የሌላ ሴት ካርድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መደርደሪያው ሲዛወር በስሕተት እናንተ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። ሮጬ የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነው። እዚያ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው።»

«ማይልኝ።»

«እማዬ ትሙት» አለች።

በሕይወቷ በእናቷ ስም በሐሰት ምላ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ምንም አልከበዳትም። ወንድሟ አያት። ሊያምናት መፈለጉን አየች፤ ያን ያህል ፈልጎ ስለነበር ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እጁን አሁን ገና ያየው ይመስል ገልብጦ ተመለከተው። «እኔ ምን ላድርግ» አለ፣ «ያ ሰውዬ እዚያ ሰው ፊት ሲቆጥርልኝ። አንድ፣ ሁለት ብሎ። እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረና ድምፁን አለስልሶ፣ እንደ ተራ ቀን፣ «ተነሺ በቃ፤ ፊትሽን ታጠቢ፤ እማ ሳትመጣ ወለሉን ጥረጊው» አላት።

የወንድሟ ሚስት አልተነሣችም። ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በመዳፏ አለሰለሰችው። በተዘጋው ዓይኗ በኩል ያለው ፊቷ አይንቀሳቀስም፤ ግን ቃሏ ጥርት ያለ ነበር።

«የእኔ ነው» አለች።

«ዝም በይ» አለቻት ካርድ አውጪዋ።

«እትዬ፣ ስለ እኔ አትማዪ። ስለ እኔ አንቺ አትናገሪ። የእኔን ነገር የምናገረው እኔ ነኝ።» ከዚያ ባሏን አየችው። «የእኔ ነው። አሥራ ሁለቱንም በእግሬ ሄጄ ተወግቻለሁ። አንተ በምትማታበት ቤት ልጅ አልወልድም ብዬ ነው። ወለሉን አንተው ጥረገው።»

በእግሩ መንጋጋዋ ላይ መታት። የአጥንቱ ድምፅ ደረቅ ነበር፤ ደጅ የቆሙትም ሰምተውታል፣ በኋላ ግን አልሰማንም አሉ። ጭንቅላቷ ከብፌው እግር ጋር ተጋጭቶ ወደ ጎን ወደቀች። እሱ ወደ ብፌው ሄደ፤ ከሱቅ የሚያመጣቸውን ቁራጭ መስታወቶች ከብፌው ጎን አስደግፎ ያኖራል። የክንድ ያህል ርዝመት ያለውን አንዱን መዘዘ። በተከፈተው መዳፉ ነው የጨበጠው፤ ሲጨብጠው አልተሰማውም። ካርድ አውጪዋ ከኋላው ሸሚዙን ያዘች፤ ተቀደደና በእጇ ቀረ። ስሙን ጠራችው፣ በልጅነቱ በምትጠራው ስም ጠራችው፤ አልዞረም። ሚስቱ ላይ ተንበርክኮ በግራ እጁ ፀጉሯን ሰብስቦ አንገቷን ወደ ኋላ አቀና።

በቴሌቪዥኑ አጠገብ ካውያ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር፣ ገመዱ ተጠቅልሎበታል። አነሣችውና ከጆሮው በላይ መታችው። መስታወቱ ከእጁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ለሦስት ተከፈለ። ወደ ፊት ሊደፋ ሲል ደገመችው። ሁለተኛው ያስፈልግ እንደነበረ እንዳልነበረ አታውቅም፤ ግን መታችው። በመስታወቱ ግድግዳ ውስጥ አንዲት ፀጉሯ የተበታተነ አሮጊት ካውያ ይዛ ስታያት አየች፤ ለአፍታ እናቷ መጣች መስሏት ነበር።

ጎረቤቶቹ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ፀጉር አስተካካዩ አንሶላ ይዞ መጣ፤ ጡረተኛው «ሞቷል እንዴ? አልሞተም አይደል? ምስክር እንዳታደርጉኝ» ይላል። ልብስ አስጪዋ የወንድሟን ሚስት ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ደሟን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤ «ምን አድርገሽው ነው እህቴ፣ ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ ያደረገሽ» ትላታለች። ካርዱ ወለሉ ላይ ነበር። ካርድ አውጪዋ ከማንም በፊት አንሥታ በጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሚስቱን ከፒክአፗ ፊት፣ ወንድሟን ከኋላ ከመስታወቱ አጠገብ ጫኗቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ነዳ።

እናትየው ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበረች፤ ልጇን በየክፍሉ ስትፈልግ ቆይታ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። ፒክአፗ ስትገባ ተነሣች። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን አየች፣ ከዚያ ከፊት ያለችውን፣ ከዚያ የሴት ልጇን እጅ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች። ጥበቃው ክንዷን ያዛት። ራዲዮ ጓንቱን እያጠለቀ ወጣ። የወንድሟን ሚስት መንጋጋ በሁለት ጣቱ ዳሰሰና «ይሄ ከእኛ በላይ ነው፣ ሆስፒታል» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረም። ካርድ አውጪዋ ያን ካርድ ወስዳ በቦታው አስገባችው። መደርደሪያውን ይዛ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጡ።

ፖሊስ ጣቢያው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፖሊስ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ረጅም አግዳሚ። አግዳሚው ላይ ስልክ የተሰረቀበት ልጅ፣ በአጥር የተካሰሱ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ የሰከረ ሰው፣ ጡረተኛው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ እናትየው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ እያንዳንዱን ጥያቄ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ሲጽፍ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፤ በጎን ያለው ሁሉ ጽሑፉን በጆሮው ያነብባል።

«ወንድምሽ ነፍሱን አውቋል» አላት። «ከሆስፒታል ደውለዋል። በአንድ ጆሮው አይሰማም፤ ግን ይተርፋል። ቃሉን ጠይቀነዋል። ተራ የቤት ጭቅጭቅ ነበር፣ እህቴ በማያገባት ገብታ በካውያ መታችኝ ነው የሚለው። መስታወቱን ስለያዘ ጠየቅነው፤ ሥራዬ ነው አለ።»

ስለ ካርዱ ለምን እንዳልተናገረ ገባት። የትኛው ወንድ ነው ያንን ካርድ ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ በሚነበብ ቃሉ ውስጥ የሚያስጽፈው።

«ጎረቤቶቹ አላየንም ነው የሚሉት። እሷ ደግሞ መንጋጋዋ ታስሯል፣ አትናገርም። እንግዲህ አንቺ ነሽ የቀረሽው።»

«ሊያርዳት ነበር።»

«ለምን?»

«ሚስቱን ሊያርድ ነበር አልኩህ።»

«ሰው እኮ ከመሬት ተነሥቶ ሚስቱን አያርድም። መነሻውን ጻፍ ይላል ይሄ ወረቀት።» በእርሳሱ መስመሩን አሳያት። «መነሻውን ንገሪኝና ክሱ ይቀልልሻል። እንዲያውም ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሌላ ወንድ አላት?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጸጥ አሉ። የሰከረው ሰው እንኳ አንገቱን አቀና።

«የላትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሷን ጠይቋት። መናገር ስትችል ጠይቋት።»

«እስከዚያ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።»

«ልታሰር።»

እናትየው ከአግዳሚው ተነሥታ መጣች። ቀስ ብላ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን ዛሬ ጠዋት አቀያይራ እንዳደረገችው እስካሁን አላስተዋለችም። አጠገቧ ስትደርስ ትመታታለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እናትየው ግን አጎንብሳ በጆሮዋ አወራቻት።

«ለእኔ ንገሪኝ» አለች። «እናትሽ ነኝ። ያ ልጅ ምን ቢሆን ነው? ያቺ ምን ብታደርገው ነው? ለእኔ ብቻ።»

ካርድ አውጪዋ እናቷን አየቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታደርቀው የኖረችው ብርጭቆ ሁሉ ትዝ አላት። አንዲት ቃል ብትናገር እናቷ ነገ ለሰፈሩ ሁሉ ታዳርሰዋለች፤ ባትናገር ደግሞ እናቷ ከዛሬ ጀምራ እንደ ልጅ እንደማታያት ታውቃለች። ዛሬ በሐሰት የማለችው በዚህች ሴት ስም ነው። እጇን ልትይዛት ፈለገች፤ የገዛ እጇ ላይ የደረቀውን ደም አየችና ተወችው።

«አልነግርሽም፣ እማዬ» አለች።

ፖሊሱ «መነሻውን ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ ጻፈ፣ ጮክ ብሎም ደገመው። ፈረመች። አሥራ አንድ ቀን ታሰረች። በአሥረኛው ቀን የወንድሟ ሚስት ከሆስፒታል በአጎቷ ልጅ ተደግፋ ወደ ጣቢያው መጣች፤ ሰዎቹን ከክፍሉ እንዲያስወጣላት ፖሊሱን በጽሑፍ ጠየቀች፣ በሩም ተዘግቶ ቃሏን በጽሑፍ ሰጠች። ካርድ አውጪዋ በማግስቱ ተፈታች፤ ካርድ ከግቢ እንዲወጣ በማድረጓ ከካርድ ክፍል ተነሥታ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወረች።